እሪያ አንበላም፤ ኮሶ ግን እንጠጣለን

ጎበዝ፣ ዛሬ ስለ ሥጋ ነው የምንጨቃጨቀው። ጾም ላይ ያላችሁ ይቅር በሉኝ፤ ሌላ ጊዜ ስለ ሽሮ እጽፋለሁ።

በየጥቂት ወሩ እየተነሣ ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ቪዲዮ አለ፤ መቼም ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ጥሬ የአሳማ ሥጋ ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ ኮካ ኮላ ይፈስበታል፣ ከዚያ «ተመልከቱ፣ ትሉ ሲወጣ!» ይባላል። ከሥሩ «ከዚህ የጠበቀን አምላክ ይመስገን» የሚለውና «አልሐምዱሊላህ» የሚለው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ወሎዬ ነኝና የሁለቱ ጎን ለጎን መሆን ደስ ይለኛል። ደስ የማይለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ቪዲዮውን የላከችልኝ ጓደኛዬ በማግስቱ ቅዳሜ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። ቁርጥ ቤት ናት። ፊቷ ላይ ቀይ ሥጋ ከነጮማው ተቆልሏል፤ ሚጥሚጣው አለ፣ አዋዜው አለ፣ ሰናፍጩ አለ። «ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላል ጽሑፉ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለዚህ ነው።

የምከራከረው ይህንን ነው፦ እኛ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እሪያና ከርከሮ ስለማንበላ ብቻ ከሥጋ በሽታ የዳንን መስሎናል። አልዳንንም። የአሳማን ትል ለመስደብ የምንከፍተውን አፍ ያህል የራሳችንን በሬ ለማስመርመር ብንከፍተው ኖሮ ስንቱ ሆድ ባረፈ!

ቪዲዮውን ቶሎ እንጨርሰው። ውሸት ነው። በአሳማ ሥጋ የሚፈራው ትሪኪኔላ የሚባለው ትል በባዶ ዓይን አይታይም፤ ጡንቻ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚተኛው እጭ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለስላሳ ስላፈሰሳችሁበት ተነሥቶ አይጨፍርም።

ግን ቪዲዮው ውሸት ነው ማለት የዱር አሳማ ሥጋ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። አለው፤ ያውም ቀልድ የማያውቅ። ትሪኪኔላ ሥጋ የሚበሉና ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ እንስሳት ጡንቻ ውስጥ ይኖራል። አሳማ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ነው፤ አይጥም ይሁን ጥምብ አይመርጥም። ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ከበላው፣ እጩ ጨጓራ ውስጥ ከመጠቅለያው ይፈታል፣ አንጀት ላይ ያድጋል፣ ይራባል፤ ልጆቹ በደም ተሳፍረው ወደ በላተኛው ጡንቻ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ነው። ከዚያ ትኩሳት ይመጣል፣ የዓይን ዙሪያ ያብጣል፣ ጡንቻ ሁሉ ይታመማል። ልብን ካጠቃ ይገድላል። እጩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እ.ኤ.አ. በ1835 ለንደን ውስጥ አስከሬን ሲመረምር የነበረ ጄምስ ፓጄት የሚባል የሕክምና ተማሪ ነው። ተማሪ! አስተማሪዎቹ ያላዩትን ማለት ነው። (ይህችን ለተማሪ አንባቢዎቻችን ብዬ ነው ያስገባኋት።)

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛ አገር ማን ይበላዋል?» የሚል ድምፅ እየሰማሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የሐሩር አገሮች ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ዘገባ ወጥቶ ነበር። ርዕሱ ራሱ ነገሩን ይናገራል፦ በዱር አሳማ ሥጋ የመጣ ትሪኪኖሲስ፣ ጎጃም፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ። ጎጃም ነው የተባለው፤ ባቫሪያ አይደለም። ክልከላ ሰውን የሚጠብቀው ክልከላውን እስካከበረ ድረስ ብቻ ነው። ረሃብ ሲመጣ፣ ጦርነት ሲመጣ፣ ወጣት ጫካ ገብቶ ስንቅ ሲያልቅበት፣ የተከለከለው ይበላል። የተከለከለ ነውና እንዴት እንደሚበስል ያስተማረው የለም። ተደብቆ የሚበላ ሥጋ ደግሞ በጥድፊያ ነው የሚበላው።

ማደኑም የራሱ ጣጣ አለው። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የዱር አሳማ አዳኞች ሥጋውን ገና ሳይቀምሱ፣ ሲገፉና ሲበልቱ በእጃቸው ቁስል በገባ ደም ብቻ ብሩሴሎሲስ ይዟቸዋል። ጃፓን ውስጥ የዱር አሳማ ሥጋ የበሉ ሰዎች ሄፓታይተስ ኢ ይዟቸው ታመዋል። የዱር እንስሳ ሥጋ ውስጡ ድረስ ቢያንስ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ማድረቅ፣ ማጨስ ወይም ጨው መነስነስ አይተማመኑበትም። እኛ አገር ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል መሆኑ ሳይረሳ።

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰዳችሁ።

አምባሰል ሲባል ለአዲስ አበባ ልጅ ቅኝት ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር የሚጠራ። ለእኛ ግን ገበሬው ማሽላና ጤፍ የሚያበቅልበት አገር ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የተሁለደሬ ወረዳዋን ሐይቅ ከተማ ታገኛላችሁ፤ ሐይቁ አለ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። መንገዱን ስትቀጥሉ አምባሰል ወረዳ ትገቡና ውጫሌ ትደርሳላችሁ። በዚህ አገር ከርከሮ የሚበላ ሰው ብላችሁ ብትጠይቁ ይሳቅባችኋል፤ ምናልባትም ትገሠጻላችሁ። ገበሬ ከርከሮ ቢገድል ለሥጋው ብሎ አይደለም፤ ለማሽላው ብሎ ነው። ማሳውን ሌሊት ሲጠብቅ ያደረ ሰው የገደለውን አውሬ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። «እኛ ምን አገባን» የሚለው ቃል የሚነገረውም እዚህ ላይ ነው።

የተጣለውን የሚበላው ግን የራሱ የገበሬው ውሻ ነው። ትሪኪኔላ ውሻንም ይይዛል። ስለዚህ የገደላችሁትን ቅበሩት። ይህን ይዘን ከከርከሮው እንለያይ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ አይደለም።

ውጫሌን የጠቀስኩት ለመንገድ ምልክት ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ «ይቻላቸዋል» ሲል በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ የአንድ ቃል ትርጉም አድዋ ድረስ ወሰደን። እኛም የራሳችን አንቀጽ 17 አለን። «ርኩስ» የሚለውን የሃይማኖት ቃል «በሽታ ያለበት» ብለን ተረጎምነው። ብዙም አልጎዳንም። ጉዳቱ የመጣው «ንጹሕ» የሚለውን «በሽታ የሌለበት» ብለን የተረጎምን ዕለት ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ክፈቱ። እሪያ ለምን ተከለከለ? ሰኮናው የተሰነጠቀ ቢሆንም ስለማያመሰኳ ነው። ትል የሚል ቃል የለም፣ ትኩሳት የሚል ቃል የለም። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 173ኛው አንቀጽ ሲከለክል ማይክሮስኮፕ አልጠቀሰም። ትእዛዝ ነው፤ አማኝ ትእዛዙን የሚጠብቀው አምላኩ ስላዘዘው ነው። ያ አይበቃም ብላችሁ ትሉን ምስክር ልትጠሩ ከሄዳችሁ ግን በራሳችሁ ላይ ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፦ የተከለከለው በትሉ ምክንያት ከሆነ 71 ዲግሪ ያበሰለው ሰው ምን ልትሉት ነው? ሊበላ ነዋ! እምነታችሁን የምታከብሩ ከሆነ በኮካ ኮላ ቪዲዮ አታስደግፉት።

በሬ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ያመሰኳል። ንጹሕ ነው። በወሎ ሰርግ ላይ ደጋሹ አንዱን ሰንጋ በክርስቲያን ቢላ፣ ሌላውን በሙስሊም ቢላ ያሳርዳል፤ እንግዳ ሁሉ ሳይሳቀቅ ይበላል። ይህን ወግ እወደዋለሁ። ለማንም አልሰጠውም። ነገር ግን ሁለቱ ሰንጋዎች የመጡት ከአንድ ግጦሽ ነው፤ ኮሶ ደግሞ ቢላው የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ኮሶ የምንለው ትል ታሪኩ እንዲህ ነው። ያደገው ትል የሚኖረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሰው አንጀት። በአሳማ አንጀት አይደለም፣ በበሬ አንጀት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይረዝማል። ከጫፉ እየተቆረጠ የሚወጣው እያንዳንዱ ቁራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል፤ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በሬው ይግጠዋል። በበሬው ጡንቻ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ውሃ ያዘለች ነጭ ፍሬ ይሆናል። እኛ ያንን ሥጋ በሚጥሚጣ እንበላዋለን። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ትሉ እንደገና አንጀታችን ውስጥ ነው፤ ቁራጩም ወደ ሜዳው ይመለሳል።

እስቲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ርኩሱ ማን እንደሆነ ንገሩኝ። በሬውን ያሳመምነው እኛ ነን። ሰው በትክክል መጸዳጃ ቤት ቢጠቀም ኖሮ ትሉ የሚሄድበት አጥቶ ያልቅ ነበር። አሳማን «የሰው ዓይነ ምድር ይበላል» ብለን እንጸየፈዋለን፤ በሬያችንን ግን እኛው አብልተነው፣ አርደን ጥሬውን እንበላዋለን። ጸያፍ ከመሰላችሁ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ጸያፉ አጻጻፉ አይደለም።

«ኮሶ ማንን ገደለ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የበሬው ኮሶ ብዙ ጊዜ አይገድልም። ሆድ ይነፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ቁራጩ ልብስ ላይ ሲገኝ ያሳፍራል። መድኃኒቱ ግን ለብዙ ዘመን ከበሽታው የከፋ ነበር። የኮሶ ዛፍ አበባ ተፈጭቶ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። አያቴ ኮሶ የሚጠጣበትን ቀን ስታወራ «የዚያን ቀን ሰው ለሰው አይናገርም» ትላለች። ቤተሰቡ በሙሉ በየሁለት ወሩ አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ፣ ሆዱን ይዞ ይተኛል። «እንደ ኮሶ መረረኝ» የምንለው ከዚያ የተረፈ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ አስቡት፣ ኮሶ መሸጥ ራሱን የቻለ የገበያ ሥራ የነበረበት አገር ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጥሬ ሥጋ መብላታችንን ሲጽፍ አውሮፓ ውሸታም ብሎ ሳቀበት፤ የኮሶን ዛፍ የገለጸውም ይኸው ብሩስ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው ማየቱ አያስገርምም። ዛፉ ያለ ሥጋው አይታወቅም ነበር።

እና ያ መድኃኒት መርዝ ነበር። መጠኑን አሳልፈው የጠጡ ሰዎች ዓይናቸው መጎዳቱን ሐኪሞች መዝግበዋል። ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ አሉ፤ ትክክለኛው መጠን በሐኪም ትእዛዝ አንድ ጊዜ ተወስዶ ያልቃል። በመድኃኒቱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እየታከሙ እንደገና መብላት በሽታ ማጥፋት አይደለም፤ ከትሉ ጋር ተፈራርሞ መኖር ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ስሙ አባ ሰንጋ ነው።

ላሚቱ ጠዋት ደህና ነበረች። ከሰዓት ተንቀጠቀጠች፣ ወደቀች። ያቺ ላም የአንድ ቤት ሀብት ነች። የልጅ ትምህርት፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው። «ቢላ! ቢላ አምጡ!» ይባላል። ነፍሷ ሳትወጣ ቢላው ከደረሰ ሥጋው በክት አይሆንም፤ በሁለቱም ሃይማኖት መብላት ይቻላል። ጎረቤት ተጠርቶ ሥጋው በየመደቡ ይከፈላል፤ ገንዘቡ ለባለ ላሚቱ መተጋገዣ ነው። ይህ ደግነት ነው። ማንም ሰው ጎረቤቱን ሊገድል ብሎ አይደለም የሚያደርገው። ሆኖም በዚያች ደቂቃ ውስጥ የተለወጠው የሥጋው ስም ብቻ ነው። ደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቢላው ቀደመ፣ ሞት ቀደመ ብሎ አያይም።

አባ ሰንጋ የያዘው እንስሳ ሲታረድ ባክቴሪያው አየር ያገኛል፤ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል፤ ያ ቅርፊት አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ተራ መጥበስና መቀቀል እንኳ ሁልጊዜ አያጠፋውም። ያረደው ሰው እጁ ላይ የማያም፣ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ይወጣል። የበላው ሰው ደግሞ አንጀቱን ሊይዘው ይችላል፤ ያኛው እጅግ የከፋ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ለከብቱ ደግሞ ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም እዚሁ አገራችን ውስጥ ያመርተዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳ ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት መርጣ ነበር፦ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ከውሻ የሚመጣው የውሃ እባጭ በሽታ። ልብ በሉ፦ ከአምስቱ አንዱም ለመምጣት እሪያ መብላት አይፈልግም። ሁሉም ንጹሕ ብለን በምንጠራው ከብት፣ በግ፣ ፍየልና በደጃችን ውሻ በኩል ሊደርሰን ይችላል።

የውሃ እባጩን በሁለት ቃል፦ በግ ስታርዱ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ካገኛችሁ «ለውሻው ጣሉለት» ትላላችሁ አይደል? እንዳትጥሉ። ውሻው ከዚያ ትል ያበቅላል፣ ትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ልጃችሁ ከውሻው ጋር ተጫውቶ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ላይ ያው ፊኛ ይገኛል፤ መውጫው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

እንግዲህ ቁጣችንን እንመርምር። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢሾፍቱ ላይ በቻይና ባለሀብቶች የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር። ሥጋውም ቆዳውም ወደ ውጭ የሚላክ ነው፤ ማንም ለእኛ አላቀረበልንም። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ከተማው በሳምንታት ውስጥ ዘጋው። በቁጣው አልስቅም፤ አህያ ለእኛ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው አንድ ቀን ወጥቶ «የምበላው በሬ ማን መረመረው?» ብሎ ሲጮኽ አይቼ አላውቅም። ሥጋ ቤት ገብተን «ከምን ቤት ነው፣ የክርስቲያን ወይስ የሙስሊም?» ብለን ከበር ላይ ምልክት እናያለን። ማኅተም አለው ወይ ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

መልሶቻችሁን አውቃቸዋለሁ። «አባቶቻችን በልተው መቶ ዓመት ኖሩ።» የኖሩትን ነው የምናየው፤ ያልኖሩት አይናገሩም። የኖሩትም ቢሆኑ በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ ነው የኖሩት። «አረቄ ይገድለዋል።» አረቄ የሚገድለው የጠጪውን ጉበት ነው፤ ፍሬዋ ሥጋ ውስጥ ተሸፍና ነው የምትገባው። «ትኩስ ሥጋ፣ ገና እየተንቀጠቀጠ ያለ፣ ምን ይነካዋል?» ትሉም ትኩስ ነው፣ ገና አልሞተም። «ክትፎዬን ለብለብ አስደርጋለሁ።» ለብለብ ማለት ትሉን ማሞቅ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ «ባህላችንን ሊያጠፉብን ነው» የሚለው ነው። ጥብስ የማን ባህል ነው? ቅቅሉስ? ሐይቅ ከተማ ላይ ዓሣ ስትበሉ አይታችኋል? ዘይት ውስጥ እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል፤ «ቁርጥ አድርገሽ አምጪልኝ» የሚል ወንድ አላየሁም። ዓሣን በእሳት የሚያምን ሰው በሬን ለምን በወኔ ይበላል?

አዎ፣ ወንድ ብያለሁ። ጥሬ ሥጋ የጀግና ምግብ ተደርጎ ተወርቷል። ጨጓራውን የምታጥበው፣ ደሙን የምትጠርገው፣ በዚያው ቢላ ቲማቲሙን የምትከትፈው ግን ሴት ናት። ሌሊት ጨለማ ተገን አድርጋ ሜዳ የምትወጣውም እሷ ናት፤ መጸዳጃ ቤት ቀድሞ የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ደግሞ ቁርጥ ይከልከል አላልኩም። ወሎ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ በዓል ልውልበት አልችልም። እያልኩ ያለሁት ሥጋው ይታይ ነው። የሠለጠነ መርማሪ ልብን፣ ምላስን፣ መንጋጋንና ትከሻን ሰንጥቆ ያያል፤ ፍሬዋ የምትበዛው እዚያ ነው። ሁሉንም አያገኝም፤ ብዙ የተወረረውን ግን ይለያል። ሥጋ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ከቆየ ፍሬዋ ትሞታለች፤ ትልቅ ማቀዝቀዣ ያላችሁ ምግብ ቤቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ቄራ ባለበት ከተማ ከቄራ ውጭ የታረደ አትግዙ። በገጠሩና በትንንሹ ከተማ ግን ቄራ እስኪሠራ ቅርጫው አይቆምም፤ የበዓል ዋዜማ በየሰፈሩ በሬ ይወድቃል። ስለዚህ የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳዎች የእንስሳት ጤና ባለሙያዎቻቸውን በበዓል ዋዜማ ቢሮ አያስቀምጧቸው፤ ቅርጫው ወዳለበት ቀበሌ ያሰማሯቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሴቶችን አሠማርቶ መጸዳጃ ቤት አስቆፍሯል፤ የተቆፈረው ሁሉ ግን ሰው አይገባበትም። ለገበሬው «ጉድጓድ ቆፍር» ብቻ ከምትሉት «በሬህን የምታሳምመው አንተ ነህ» በሉት። ለራሱ ጤና ያልሰማ ለበሬው ዋጋ ይሰማል።

ድንገት የወደቀ ከብት አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይበለት። ለባለሙያ ይነገር፣ በጥልቅ ይቀበር። ባለ ላሚቱን ጎረቤት መርዳት ከፈለጋችሁ የሥጋውን ዋጋ ሥጋውን ሳትወስዱ ስጡት። ዕድሩ ለሰው ቀብር ያዋጣል፤ ለላም ቀብር ቢያዋጣ ማን ይከሰዋል?

የሚቀጥለው በዓል ሩቅ አይደለም። ቅርጫ የምትገቡ ሁሉ ከበሬው ዋጋ ጋር ለእንስሳት ጤና ባለሙያው የመጓጓዣና የምሳ አዋጡ። ለአሥር መደብ ሲካፈል ከአንድ መለኪያ አረቄ አይበልጥም። ልብና ምላሱን ሲሰነጥቅ ቆማችሁ እዩ፤ ነጯን ፍሬ ካገኘ ፎቶ አንሡና ያንን ቪዲዮ ለላከላችሁ ሰው ላኩለት።